ዐይነ ስውሩ ዘማሪ ዊሊ ጆንሰንና ሠላሳው ዝማሬዎቹ

ታሪክ የሚጻፍላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዙፋን የወረሱ፥ ጦር የመሩ፥ ወይም መጽሐፍ የደረሱ ናቸው። ከመንገድ ዳር ቆሞ በዜማ ምጽዋት የሚለምነውን ሰው ግን፥ በሕይወት ሳለ ስሙን የሚጠይቀው፥ ከሞተም በኋላ መቃብሩን የሚፈልገው እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ እንደዚህ ካሉት ሰዎች የአንዱ ድምፅ ከዘመኑ አልፎ፥ ከአገሩም አልፎ፥ በመጨረሻም ከምድር ርቆ መሄዱ ሲሰማ፥ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ የቴክሳስ ተወላጅ የሆነው ዊሊ ጆንሰን ነው። የሸክላ ኩባንያው ለገበያ ባወጣው ስም «ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን»፥ ማለት ዐይነ ስውሩ ዊሊ ጆንሰን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ዊሊ ጆንሰን ጥር 25 ቀን 1897 ዓ.ም. በቴክሳስ ፔንድልተን በተባለች ትንሽ መንደር አጠገብ ተወለደ። እናቱን በሕፃንነቱ ስላጣ ያደገው በእንጀራ እናት እጅ ነው። ሲወለድ ዐይኖቹ ደኅና ነበሩ። ኋላ ሚስቱ አንጀሊን እንደ ተናገረችው፥ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆነው አባቱና እንጀራ እናቱ ተጣልተው ሳለ፥ ሴትዮዋ በቍጣ ለሳሙና መሥሪያ የሚሆነውን የሚያቃጥል ውሃ በፊቱ ላይ ስለ ደፋችበት ዐይኖቹ ጠፉ። እንዲሁም ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ሰባኪ መሆን እንደሚፈልግ ለአባቱ መንገሩን፥ አባቱም ከሲጋራ ሣጥን የተሠራች ጊታር እንደ ሰጠው ተርካለች።

በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ለሚኖር ጥቍር ሰው፥ ይልቁንም ዐይነ ስውርና ድኻ ለሆነ፥ የኑሮ በሩ ጠባብ ነበር። የዘር መለያየት ሕግ ከነጮች ትምህርት ቤት፥ ከሆስፒታላቸውና ከመጓጓዣቸው ያግደዋል፤ የጥጥ እርሻውንም ሥራ ያለ ዐይን ሊሠራው አይችልም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ገበሬዎች ለገበያ በሚሰበሰቡበት በቅዳሜ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ እየዘመረ ሳንቲም መቀበል። ዊሊ ጆንሰንም በማርሊንና በሐርን በመሳሰሉት የቴክሳስ ከተሞች እየዞረ በዚሁ ኖረ። የዘመኑ ዝነኛ የብሉዝ ዘፋኝ ብላይንድ ሌመን ጀፈርሰንም በዚያው አካባቢ ባሉት ከተሞች ይዘፍን ነበር።

በዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ልዩነት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ብሉዝ የሚባለው ዜማ ከጥቍር አሜሪካውያን ኀዘንና ድካም የወጣ ሲሆን፥ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ፍቅር፥ ስለ መጠጥ፥ ስለ እስር ቤትና ስለ ስደት ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ «የዲያብሎስ ዜማ» እየተባለ ይነቀፍ ነበር። ዊሊ ጆንሰን ግን የብሉዙን የጊታር አመታትና የድምፅ አወጣጥ ሙሉ በሙሉ ወስዶ፥ ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመንፈሳዊ መዝሙር ብቻ አደረገው። በሸክላ ካስቀረጻቸው ዝማሬዎች መካከል አንድም ዓለማዊ ዘፈን አይገኝም። በዚህም ምክንያት ብሉዝ ወዳዱ የእኛ ነው ሲለው፥ መንፈሳዊውም የእኛ ነው ይለዋል። እርሱ ራሱ ግን በሁለቱ መካከል የተሠራውን አጥር የሚያውቀው አይመስልም።

የአመታቱም ጥበብ የተለየ ነው። የጊታሩን ክሮች ሳይጫኑ ቢመቷቸው እንኳ አንድ ስምም ድምፅ እንዲሰጡ አድርጎ ይቃኛቸዋል፤ ከዚያም ክሩን በጣቱ በመጫን ፈንታ ለስላሳና ጠንካራ ነገር እያንሸራተተበት ድምፁን ያስለቅሰዋል። አንዳንዶች በቢላዋ፥ ሌሎችም ከጠርሙስ አንገት በተቈረጠ ቀለበት ይመታ ነበር ይላሉ። በዚህ አኳኋን ጊታሩ አጃቢ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ዘማሪ ይሆናል፤ ዊሊ ጆንሰን አንዱን ሐረግ ጀምሮ ዝም ሲል፥ የቀረውን ቃል ጊታሩ ይጨርስለታል። ድምፁም ሁለት ዐይነት ነበር፤ አንደኛው ለስላሳና የተፈጥሮ ድምፁ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከጉሮሮ እየተፋቀ የሚወጣ ሻካራና ወፍራም ድምፅ ነው። የመንገድ ሰባኪ በገበያ ጫጫታ መካከል እንዲሰማ እንደዚህ ያለ ድምፅ ያስፈልገዋል።

ከ1925 ዓ.ም. ወዲህ ድምፅን በኤሌክትሪክ ኀይል መቅረጽ ስለ ተጀመረ፥ የሸክላ ኩባንያዎች ሥራቸውን አስፋፍተው የጥቍሮችን ሙዚቃ ለጥቍሮች ገበያ በተለየ ተራ ያወጡ ነበር። ለዚህም መሣሪያቸውን ጭነው ወደ ደቡብ ከተሞች እየወረዱ ባለሙያዎችን ይፈልጉ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የኮሎምቢያ ኩባንያ ታኅሣሥ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ዊሊ ጆንሰንን በዳላስ ከተማ ከመቅረጫው ፊት አቀረበው። በዚያ አንድ ቀን ስድስት ዝማሬዎችን ቀረጸ። እያንዳንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው የሦስት ደቂቃ ያህል ድምፅ ስለሆነ፥ የቀኑ ሥራ ሁሉ ተደምሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን የስሙ መሠረት የተጣለው በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ከስድስቱ አንዱ እናት የሌላቸው ልጆች ስለሚያዩት መከራ የሚናገር ሲሆን፥ እናቱን በሕፃንነቱ ያጣ ሰው ሲዘምረው ትርጓሜው ግልጽ ነው። ሌላው በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈውን የሶምሶንን ታሪክ ይተርካል። ሶምሶን ዐይኖቹ ከጠፉ በኋላ የጠላቶቹን ቤት ምሰሶ ይዞ እንደ ጣለ አንባቢ ያውቃል። ዊሊ ጆንሰን ይህን ዝማሬ በኒው ኦርሊንስ ከመንግሥት የጉምሩክ ሕንፃ ፊት ሲዘምር፥ ሕዝብን ለዐመፅ ያነሣሣል ተብሎ ተያዘ እየተባለ ይወራል። ይህ ወሬ እንጂ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም፤ ሆኖም ሕንፃን ስለ ማፍረስ የሚናገረውን ዝማሬ የሰሙት ሰዎች ምን ያህል ኀይል እንዳዩበት ያስረዳል።

የመጀመሪያው ሸክላ ወጥቶ 9,400 ቅጂ ተሸጠ፤ ይህም በዚያው ኩባንያ ስመ ጥር ዘፋኝ ከነበረችው ከቤሲ ስሚዝ የቅርብ ጊዜ ሸክላ የበለጠ ነበር። ገበያው ስለ ጠየቀ 6,000 ሌላ ቅጂ ታተመ። ከዚህ የተነሣ ኩባንያው ዊሊ ጆንሰንን ደጋግሞ ጠራው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በዳላስ አራት፥ ታኅሣሥ 10ና 11 ቀን 1929 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ አሥር፥ ሚያዝያ 20 ቀን 1930 ዓ.ም. በአትላንታ አሥር ዝማሬዎችን ቀረጸ። ሁሉም በአንድነት ሲቈጠሩ ሠላሳ ናቸው፤ ከዚህ በቀር የተረፈ ድምፅ የለውም።

እነዚህ ዝማሬዎች ለጸሎት ብቻ የሚሆኑ አይደሉም፤ የዘመናቸውም ዜና መዋዕል ናቸው። አንዱ በ1918 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ ስለ ፈጀው የኅዳር በሽታ፥ አንዱ በ1912 ዓ.ም. ስለ ሰመጠችው ታይታኒክ መርከብ፥ ሌላውም ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይናገራል። ጋዜጣ ለማንበብ ዕድል ላልነበረው ሕዝብ፥ የመንገድ ዳር ዘማሪ ነገሩን በዜማ ሲነግረው ወሬውንም ምክሩንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል። በመጨረሻው የአትላንታ ሥራ ከተቀረጹት አንዱ ለእንግዳ ሰው ቸርነት ማድረግ እንደሚገባ የሚያስተምር ነው። ከአገር አገር እየዞረ በሰው ደጅ ያደረ ሰው ይህን ሲናገር ከመጽሐፍ የተማረውን ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ያየውን መመስከሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን በመጀመሪያው ቀን የተቀረጸው «ሌሊቱ ጨለማ፥ ምድሩም ብርድ ነበረ» የሚባለው ነው። ስሙ የተወሰደው በ1792 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ሃዊስ ከደረሰው መዝሙር ሲሆን፥ ነገሩ ጌታችን በጌቴሴማኒ ስለ ጸለየው ጸሎት ነው። በጥቍሮች የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ልማድ፥ መሪው የመዝሙሩን ቃል ይሰጣል፥ ማኅበሩም እያንጐራጐረ ይቀበለዋል። ዊሊ ጆንሰን ቃሉን ሁሉ ትቶ እንጕርጕሮውን ብቻ አስቀረ። ጊታሩ እንደ መሪ ይጀምራል፥ የእርሱ ድምፅ እንደ ማኅበሩ ያለ ቃል ያቃስታል። ቃል የሌለው ስለሆነ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ኀዘን ያየ ሰው ሁሉ በየቋንቋው ይሰማዋል።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ተጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ አለቀ። በ1929 ዓ.ም. የተነሣው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የሸክላን ንግድ አፈራረሰው። በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ 104 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ተሸጦ ሳለ፥ በ1932 ዓ.ም. ሽያጩ ወደ 6 ሚሊዮን ወረደ። ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን ያጣው ድኻው ገዢ ስለሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የተተወውም ለድኻው ይዘምር የነበረው ነው። በዘመኑ ልማድ ለእንደዚህ ያሉት ባለሙያዎች የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ተቈርጦ የሚሰጥ ዋጋ እንጂ ከሽያጩ የሚገኝ ድርሻ አልነበረም። ስለዚህ ዊሊ ጆንሰን ወደ መንገድ ዳር ተመለሰ።

በመጨረሻ ዘመኑ በቴክሳስ ቦሞንት በተባለው ከተማ ተቀምጦ፥ «የጸሎት ቤት» ብሎ በሰየመው ስፍራ ይሰብክ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ቤታቸው ተቃጠለ። አንጀሊን እንደ ተናገረችው፥ መሄጃ ስላልነበራቸው በተቃጠለው ቤት ውስጥ በእርጥብ አልጋ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተኙ፤ እርሱም ታመመ። ወደ ሆስፒታል ብትወስደው ሳይቀበሉት ቀሩ። መስከረም 18 ቀን 1945 ዓ.ም. በአርባ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። የሞቱ ማስረጃ ወረቀት ምክንያቱን የወባ ትኵሳት ብሎታል። መቃብሩም ለብዙ ዘመን ምልክት አልነበረውም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው እንዴት ታወቀ? ሸክላዎቹን ያስቀሩት ሰብሳቢዎች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. ሃሪ ስሚዝ የተባለው ሰብሳቢ 84 አሮጌ ዜማዎችን መርጦ በአንድነት ሲያወጣ፥ የዊሊ ጆንሰንን አንድ ዝማሬ ጨመረበት። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ሳሙኤል ቻርተርስ የተባለው ተመራማሪ ቦሞንት ድረስ ሄዶ አንጀሊንን አግኝቶ ቃሏን ተቀበለ። ይህ ባይደረግ ኖሮ ሰውየው ከስሙ በቀር ምንም ባልኖረው ነበር። ይሁን እንጂ የሰው ቃል ብቻውን አይበቃም። በሸክላዎቹ ላይ ከእርሱ ጋራ የምትዘምረው ሴት አንጀሊን ናት እየተባለ ለብዙ ጊዜ ሲታመን ቈይቶ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት በማርሊን ትኖር የነበረችው ዊሊ ቢ. ሃሪስ የዳላሱና የአትላንታው ድምፅ የእርስዋ መሆኑ ታወቀ። የልደቱም ዘመን ከብዙ ክርክር በኋላ የታወቀው እርሱ ራሱ በ1918 ዓ.ም. ለውትድርና ሲመዘገብ ከተጻፈው ወረቀት ነው። አንድ ጸሓፊ ነገሩን እንደ ተራ ሥራ ቈጥሮ በጥንቃቄ የሞላው ቅጽ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ የአንድን ሰው ታሪክ አቀናው። በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ቢያስብ ድካሙ ከንቱ እንዳልሆነ ይረዳል።

በ1977 ዓ.ም. አሜሪካውያን ቮየጀር የተባሉትን ሁለት መንኰራኵሮች ወደ ጠፈር ሲልኩ፥ በካርል ሴጋን የሚመራ ጉባኤ የምድርን ድምፅ የያዘ በወርቅ የተለበጠ ሸክላ አዘጋጀ። ከ27ቱ ዜማዎች መካከል በመጨረሻው አጠገብ የተቀመጠው ያ ቃል የሌለው የዊሊ ጆንሰን እንጕርጕሮ ነው፤ እርሱን ተከትሎ የሚመጣው የመጨረሻው ዜማ የቤትሆቨን ነው። ዐይኑ የጠፋው የቴክሳስ ለማኝና ጆሮው የጠፋው የጀርመን ሊቅ ጐን ለጐን ሆነው ይጓዛሉ። ቮየጀር 1 በ2012 ዓ.ም. የፀሐይን ነፋስ ድንበር አልፋ በከዋክብት መካከል ወዳለው ጠፈር ገባች። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ዝማሬ ለዘለዓለም ሊጠበቁ ከሚገባቸው የድምፅ ቅርሶች ጋራ መዘገበው፤ በቦሞንትም የጸሎት ቤቱ በነበረበት ስፍራ የታሪክ ምልክት ቆመለት።

ይህን ክብር ያየ ሰው ፍርዱ በመጨረሻ ቀና ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ለሙት የሚቆም ሐውልት ለሕያው ከተከለከለው አልጋ ጋራ አይተካከልም። ድምፁ ፀሐይን አልፎ እንዲሄድ የተፈቀደለት ሰው፥ በሕይወት ሳለ የሆስፒታል ደጃፍ ማለፍ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ከዊሊ ጆንሰን ታሪክ የምንማረው ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ የሕዝብ ዜማ ባለሙያው በሕይወት ሳለ ካልተቀረጸና ካልተመዘገበ ከእርሱ ጋራ የሚቀበር መሆኑ ነው፤ ሠላሳዎቹ ዝማሬዎች የተረፉት በንግድ አጋጣሚ እንጂ በአሳቢ ጥንቃቄ አይደለም። ሁለተኛውም ከዚህ ይበልጣል። ከመንገድ ዳር የቆመውን ሰው ለማክበር፥ ድምፁ ወደ ሰማይ እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም።