ጉጠት የመሰለችው ብረትና የ“ቆመህ ጠብቀኝ” ዘመን

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ ከካርቱም ሲያስወጣን፣ ገላባት ለመሻገር ረጅም ሰልፍ ይዘን ነበር። ከፊታችን ደይም ሰፈር ስንት ዘመን የኖሩ አንድ አባት ነበሩ። ፈታሹ ከሻንጣቸው ልብስ መሀል ጉጠት የመሰለች ትንሽ ብረት አወጣ።

“ይሄ ምንድን ነው አባቴ?”

“የአረር ማፍሰሻ ነው ልጄ።”

አረር የምትለዋን ቃል ስንሰማ ሰልፉ ሁሉ ጸጥ አለ። በዚህ መንገድ በአንድ ሰው ሻንጣ የተገኘ ነገር ስንቱን ነጋዴ እንደሚያስጠይቅ እናውቃለን። “ጠመንጃውስ?” አለ ፈታሹ። “ጠመንጃውን እኔም አላየሁት፤ የአያቴ ነበር። ጅግራ ይመቱበት ነበር አሉ።” ፈታሹ የብረቷን ሁለት መንጋጋ ከፍቶ ጉድጓዷን አየ። የአተር ፍሬ ታህላለች። ሳቅ አለና መለሰላቸው።

እኛ ግን ያን ዕለት ትንሽ አፈርን። የመተማን መንገድ እንደ እጃችን መዳፍ እናውቀዋለን እያልን፣ በዚሁ መንገድ ስንት ዘመን የተመላለሰውን ነገር አይተን አላወቅነውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱሮው ጠመንጃ እንደ ዛሬው በቀለህ የታሸገ ጥይት አይጎርስም። ባሩዱ ከቀንድ ተሰፍሮ በአፈሙዙ ይፈሳል፤ ከዚያ የእርሳስ አረር፣ አንዳንዴ ሞራ በተቀባ ቁራጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በዘንግ እየተጎሰመ እስከ ታች ይወርዳል። እሳቱን በጥንቱ ጠመንጃ የሚጤስ የፈትል ክር ይሰጣል፤ በኋላ በመጣው ደግሞ በመዶሻው የምትመታ የመዳብ ካፕሱል። አንዴ ከተተኮሰ ሥራው እንደገና ከባሩዱ ይጀምራል። አባቶቻችን “ቆመህ ጠብቀኝ” ብለው የቀለዱበት በዚህ ነው፤ ጠላትም አውሬም እስኪጎርስ ድረስ ቆሞ ካልጠበቀው አይሆንም።

የአፉን ስፋት የሚለኩበት መንገድ ለነጋዴ ደስ ይላል። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ድቡልቡል አረር ይወጣል ብለው ይቆጥራሉ። ፓውንድ ማለት ካርቱም ወተት የምንገዛበት ሩጥል ያህል ነው፤ 450 ግራም ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች ያደነው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ቁጥር 24 ነበር፤ ከፓውንዱ 24 አረር፣ እያንዳንዱ 19 ግራም። ለዝሆን የያዘው ትልቁ ደግሞ በአንድ ተኩስ ግማሽ ፓውንድ ይተፋ ነበር። “ሕፃኗ” ይላት ነበር፤ ስትተኩስ ባለቤቷን እያሽከረከረች የምትጥል ሕፃን!

አሁን የሽማግሌውን ብረት አስቡ። አተር የምታህል፣ 8 ሚሊሜትር ያላት አረር 3 ግራም ብትመዝን ነው። ከአንድ ሩጥል 150 ያህል ይወጣል። ባሩዱም ከአንድ ግራም ብዙ አይበልጥም። በአሜሪካ ጫካዎች ለሽኮኮና ለወፍ የሚሠሩት ቀጭን ጠመንጃዎች ልክ በዚህ ስሌት የተሠሩ ናቸው። እርሳስና ባሩድ በግመል ጀርባ ከሩቅ ሲመጣ፣ ቤተሰብ የሚያበላው ባለ ትንሽ አፉ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን የሚረዳው የእኛ ሰው ነው። በጠረፉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነፍሱ ሳይወጣ በራሱ ስም ያልታረደ ሥጋ አይበላም። ቤከርም የአትባራ አረቦች እንስሳው ሲወድቅ ለማረድ እየሮጡ እንደሚደርሱ ጽፏል። ለጅግራና ለቆቅ ትልቅ አረር ሥጋውንም ማረጃ ጊዜውንም ያጠፋል። ትንሿ አረር ክንፉን ሰብራ ከጣለችው ግን ቢላዋ ይደርሳል። (ጥንቸሉን ለሚበላው ትተነዋል።)

ቤከር ሶፊ በምትባል መንደር አጠገብ ካገኛቸው ሰዎች አንዱ ፍሎሪያን የሚባል ጀርመናዊ ግንበኛ ነበር። ለኦስትሪያ ሚሲዮን ሥራ ካርቱም መጥቶ፣ ከተማውን ትቶ አዳኝ ሆኖ ቀረ። ደካማ ጠመንጃ በእጁ ፈንድቶ አካሉን ጎድቶታል፤ በመጨረሻም የገደለው አንበሳ ነው። በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ይህ ክፉ ጠባይ አለው። አረሩ እስከ ባሩዱ ካልወረደና በመሀል ክፍተት ከቀረ፣ ወይም ብረቱ ደካማ ከሆነ፣ ፍንዳታው ወደ ተኳሹ ይዞራል። በርካሽ የተገዛ ብረት ዋጋውን በጣት ያስከፍላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የምግቡ ነገር ነው። እርሳስ ይገዛል፤ ቀልጦ ደግሞ ይፈሳል። ባሩድ በሀገር ቤት ይቀመማል፤ ድኙ ከአፋር ምድር፣ ጨው ባሩዱ ከአፈር ተለቅሞ፣ ከሰሉ ከየደጁ። የፈትል ጠመንጃ ያለው ሰው ማንንም ሳይለምን ይተኩሳል። ካፕሱል ግን ከባሕር ማዶ እንጂ ከጎንደር አንጥረኛ አይገኝም። ካፕሱሏ በመጣች ቀን አዳኙ በነጋዴው እጅ ወደቀ። ገበያው ሲዘጋ ጠመንጃው ዱላ ይሆናል።

ይህን ከማንም በላይ የተረዱት የቋራው ካሣ፣ ኋላ አጼ ቴዎድሮስ ይመስሉናል። እ.ኤ.አ. በ1848 ደባርቂ ላይ ካርቱምን የያዘው የግብፅ ጦር በመድፍና በጠመንጃ ሲመታቸው ያዩትን አልረሱም። ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን መድፍ ያስፈሰሱት፣ ሴባስቶፖልን እስከ መቅደላ ያስጎተቱት ከዚያ ወዲህ ነው። እሳቸው ትልቁን ፈለጉ። በ1868 ሚያዝያ እሮጌ ላይ የመጣባቸው ግን ከኋላው የሚጎርስ ስናድር ነበር፤ አንዱ እስኪጎስም ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። በ1875 እና በ1876 ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፆች ብዙ ረሚንግተን ሲማረክ፣ “ቆመህ ጠብቀኝ” ከጦር ሜዳ ወረደ። ማሽላ ጠባቂውና ጅግራ አዳኙ እጅ ቀረ።

የሽማግሌው አያት ብረቷን ያፈሰሱባት ያኔ ይሆናል። ዛሬ ብረቷ ጎንደር ናት። የልጅ ልጆቻቸው እርሳስ አያውቁም፤ ሰም አቅልጠው ያፈሱባትና አተር የሚያህል ብይ ይጫወታሉ።