ወረርሽኝ የወለደው በዓል

ወዳጆቼ፣ በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስንውል ስለ ድሮ ወረርሽኞች አነብ ነበር። ከጃፓኑ የጊዮን በዓል ጋር የተዋወቅነው ያኔ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የድሮ ተማሪዎቼ ይቺን ነገር እንደማልረሳት ታውቃላችሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው በ869 ነው። ዋና ከተማዋ ኪዮቶ ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ይረግፋል። የዘመኑ ሰዎች በሽታ የሚያመጡት በግፍ የሞቱ ሰዎች መናፍስት ናቸው ብለው ያምኑ ነበር፤ በተለይ በቤተ መንግሥት ሽኩቻ ተወንጅለው በግዞት የሞቱ መኳንንት። እስቲ አስቡት፣ ሹም የሠራው ግፍ ዞሮ ደሃው ላይ መቅሠፍት ሆኖ ይወርዳል ማለት እኮ ነው! መናፍስቱን ለማብረድ በአገሪቱ አውራጃዎች ቁጥር ልክ 66 ረጃጅም ጦሮች አቆሙ። ዛሬ ያሳካ ከሚባለው የሺንቶ ቤተ መቅደስም የአምላኩን ማደሪያ በትከሻ ተሸክመው ወጡ። ያሳካ የሚለው ስም የመጣው በ1868 መንግሥት ሺንቶን ከቡድሂዝም ሲለይ ነው፤ በፊት ጊዮን ነበር የሚባለው።

ጦሮቹ በዘመናት ውስጥ አድገው ትልልቅ ሠረገላ ሆኑ። ረጅሙ 25 ሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱ 12 ቶን ገደማ ነው፣ የሚታሰረው ደግሞ ያለ ምስማር በገመድ ብቻ ነው። መሪ የለውም፤ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከጎማው ሥር ያነጥፉና ውኃ ረጭተው በጉልበት ወደ ጎን ይስቡታል።

በ1467 የተነሳው የኦኒን ጦርነት ከተማዋን አቃጠላት፣ በዓሉም ከ30 ዓመት በላይ ተቋረጠ። በ1500 መልሰው ያነሡት ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። እኔ ከሁሉ የምወዳት ግን የ1533ቷን ነው። ባለሥልጣናቱ የቤተ መቅደሱ ሥርዓት ይቅር ብለው አዘዙ። የየሰፈሩ ሰዎች ምን አሉ? ሥርዓቱ ቢቀር እንኳ ሠረገላችንን ማውጣት እንፈልጋለን ብለው አመለከቱ። በዓሉ የማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አላየሁም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። ካንኮ ሆኮ በሚባለው ሠረገላ ፊት ይሰቀል የነበረው ጥንታዊ ምንጣፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጂየም የተሠራ ነው። ሥዕሉ ርብቃ ለአብርሃም ሎሌ ውኃ ስታጠጣ ያሳያል፤ ዘፍጥረት 24! ሰፈሩ ይህን ይሰቅል የነበረው ክርስትና በጥብቅ በተከለከለበት ዘመን ነው። የእኔ ግምት፣ ማማሩን እንጂ ታሪኩን ያወቀው አልነበረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰልፉ ተቋርጦ በ1947 ተመለሰ። ከዚያ 2020 መጣ። ወረርሽኝ ለማባረር የተጀመረው በዓል በወረርሽኝ ምክንያት ሁለት ዓመት ያለ ሠረገላ ሰልፍ አለፈ።

በ2022 ሲመለስ ግን ታካ ያማ የሚባል ሠረገላ አብሮ ወጣ። ይህ ሠረገላ በ1826 ዝናብና ነፋስ ጎድቶት ከሰልፉ ቀርቶ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች የተረፉትን ምስሎች በየበዓሉ ደርድረው እያሳዩ ትውልድ ለትውልድ ሲቀባበሉ ቆይተው፣ ከ196 ዓመት በኋላ መለሱት። አሁን የሚወጡት 34 ናቸው። ሆቴይ ያማ የሚባለው ግን ገና አልወጣም፤ ምስሉን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይጠብቃል።