ልኩን የያዘው ማን ነው?

ሁለት ሱሪ ያለው ተማሪ ሦስተኛውን ይመኛል፤ አንድ ሱሪ ያለው ደግሞ የዚያው የአንዱ ጉልበት እንዳይሳሳ ይጸልያል። እኛ ከኋለኞቹ ነን። ጸሎታችን ሳይሰምር ቀርቶ ጉልበቱ ሲሳሳ፣ ከዘመድ የተላከልንን ጨርቅ ጠቅልለን በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ወደሚሰፉ አንድ አባት ሄድን። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አላወረዱም። አሮጌውን ሱሪ ተረተሩት፤ በአዲሱ ጨርቅ ላይ አነጠፉት፤ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመሩ፤ ለስፌት የሚሆን አንድ አንድ ጣት ጨመሩ፤ ከዚያ መቀሱ ሄደ። «አባባ፣ ሳይለኩን?» ብንላቸው ቀና ሳይሉ፣ «አሮጌው ለክቶልኛል እኮ!» አሉን።

ይህች መልስ ብዙ ቀን አልለቀቀችንም። ሰው ልብሱን በገዛ ቤቱ፣ ባለው ጨርቅ የሰፋበትን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች የሚነሱት ከስፌት መኪና ነው፤ ማብቂያቸውም እዚያው ነው። እኛም ከመኪናው እንነሳ፤ እዚያ ግን አንቁም።

ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒዬ ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830 ነበር። ወዲያው ፓሪስ ውስጥ ሰማንያ ያህል መኪናዎች ተደርድረው የወታደር ልብስ ይሰፉ ጀመር። በ1831 የእጅ ሰፊዎች ግር ብለው ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሯቸው። አላዋቂዎች ነበሩ እንበል? እንጀራቸው በማን እጅ እንደሚወድቅ ያወቁ ሰዎች ነበሩ እንጂ! ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 ዓይኗ በጫፏ የሆነ መርፌ ያላትን፣ በሁለት ክር የምትቆልፍ መኪናውን አስመዘገበ። አይዛክ ሲንገር በ1851 የራሱን አሻሽሎ አወጣ። ከ1856 ጀምሮ ደግሞ የሲንጀር ኩባንያ መኪናን ጥቂት በጥቂት እየተከፈለ የሚገዛ ዕቃ አደረገው። መኪናው በዚህ መንገድ ከፋብሪካ ወደ ሳሎን ገባ።

ታዲያ መኪና ቤት ስለገባ ሰው ሁሉ ለበሰ? አልለበሰም። መኪና የተቆረጠን ከተቆረጠ ያጋጥማል፤ የት እንደሚቆረጥ ግን አይናገርም። በኒውዮርክና በለንደን ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲረግጡ የሚውሉት ሴቶች ሌላ ሰው የቀደደውን ጨርቅ በጥቅል እየተቀበሉ፣ በቁጥር እየተከፈላቸው የሚሰፉ ነበሩ። መኪናው ሲፈጥን የቁጥሩ ዋጋ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ለእነርሱ ዕረፍት ሳይሆን ተጨማሪ ጥቅል ነበር። አንዷ እጅጌ ስትገጥም ትኖራለች፤ ሸሚዙ ግን የእሷ አይደለም። ልኩን የያዘው ሌላ ነውና።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ የልብስ ቅድ ለረጅም ዘመን የሙያው ምስጢር ነበር። ለማጁ ከጌታው እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ የሚወርሰው ነገር ነው። ሜትር በአንገት ላይ ከመንጠልጠሉ በፊት ልብስ ሰፊው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ይይዝ ነበር። የትከሻው፣ የደረቱ፣ የወገቡ ልክ በጥብጣቡ ዳር ላይ በጭረት ይቀመጣል። ጭረቱን ማንበብ የሚችለው ባለሙያው ብቻ ነው። የቤት እመቤት ለራሷ መስፋት ብትፈልግ ያላት መንገድ የእኛው አባባ መንገድ ነበር፤ አሮጌውን ተርትሮ በአዲሱ ላይ ማንጠፍ። አሮጌ የሌላትስ? አሮጌ ከሌላት አዲስም የላት።

ይህን ቋጠሮ የፈታው ሌላ መኪና አልነበረም፤ ስስ ወረቀት ነበር። ከእርሱ በፊትም በአሜሪካ የሴቶች መጽሔቶች ላይ ትንንሽ የቅድ ሥዕሎች ይወጡ ነበር፤ ይሁን እንጂ አስፍቶና አመጣጥኖ ለገዛ ቁመት ማድረስ ለአንባቢዋ የተተወ ጣጣ ነበር። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስተርሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖረው ልብስ ሰፊ ኤበኔዘር በተሪክ እ.ኤ.አ. በ1863 በየቁመቱና በየውፍረቱ ተመጥኖ የተቆረጠ የቅድ ወረቀት ለገበያ አወጣ። ልብስ ሰፊዎቻችን ፓተርን የሚሉት ማለት ነው። ሐሳቡን የቀሰቀሰችው ባለቤቱ ኤለን እንደሆነች ይነገራል። መጀመሪያ የወንዶችና የልጆች፣ ቀጥሎ የሴቶች ልብስ ቅድ ወጣ። ወረቀቱ ቀላል ስለሆነ ታጥፎ በፖስታ ይላካል። ጽሑፍ አልነበረበትም፤ የት እንደሚታጠፍ፣ የት ከየት ጋር እንደሚጋጠም የሚናገሩት በወረቀቱ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎችና የተቆረጡ ምልክቶች ነበሩ። ከከተማ ርቃ የምትኖር የገበሬ ሚስት ከዓመታት ለማጅነት ጀርባ የነበረውን ልክ በጥቂት ሳንቲም እጇ ላይ አገኘችው።

ስሙን ለማሳመር አንሞክር፤ ይህም ንግድ ነበር። ወረቀት ሻጮቹ አዲስ ወረቀት እንዲሸጥላቸው በየወቅቱ አዲስ ፋሽን ማውጣታቸው አልቀረም። ቢሆንም ዕውቀት አንዴ ከእጅ ከወጣች ተመልሳ አትቆለፍም፤ አንዱ ወረቀት ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረ በጋዜጣ ላይ ይገለበጥ ነበር።

የዚህ ሙያ ፈተና የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1941 ልብስ በኩፖን እንዲሆን አወጀ። መርከቡም ፋብሪካውም ለጦርነቱ ተፈልጎ ነበር። ለአንድ አዋቂ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 66 ኩፖን ተሰጠው፤ አንድ የሱፍ ቀሚስ ብቻውን 11 ኩፖን ይበላል። በተከታዩ ዓመት የኪስና የእጥፋት ብዛት ሳይቀር በደንብ ተወሰነ፤ የወንድ ሱሪ ግርጌ ታጥፎ እንዳይሰፋ ተከለከለ። በ1943 መንግሥት ያለህን አብቃቃ፣ የተቀደደውን ጥገን የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የስፌት ትምህርትም በየሰፈሩ ተከፈተ። ለዘመቻ የሄደው ባል ኮት የሚስት ጉርድና ጃኬት ሆነ፤ መጋረጃ ቀሚስ ሆነ፤ ብርድ ልብስ ካፖርት ሆነ፤ የጃንጥላ ወታደሮች ሐር እንኳ ሲገኝ የሙሽራ ልብስ ሆኗል። ኩፖኑ የቀረው ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በመጋቢት 1949 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ኩፖኑ ለሁሉም እኩል ነበር፤ ቁም ሳጥኑ ግን እኩል አልነበረም። ሀብታሟ የምትተረትረው አሥር ቀሚስ ነበራት። ድኻዋ ያለችው አንድ ነው፤ እሱንም ለብሳዋለች። ያለህን አብቃቃ የሚለው ምክር «ያለው» ለሌለው ሰው ምን ይረባዋል? ሙያ ብዙ ነገር ይሠራል፤ ጨርቅን ግን ከባዶ አይፈጥርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል። እናቶቻችን ጥጡን ፈትለው ለሸማኔ ይሰጣሉ። ልኩ በክንድ ነው። ነጠላና ጋቢ መቀስ አይፈልጉም፤ ሸማው ራሱ ልብስ ነው። ከውጭ የሚመጣው አቡጀዲ ሲበዛ ነገሩ ተለወጠ። የአሜሪካ አቡጀዲ በገበያችን ተፈላጊ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር ከአጼ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ሲመጣ ከጉዳዮቹ አንዱ ይኸው ጨርቅ ነበር። እጀ ጠባቡም ቀሚሱም መቀስ ይፈልጋል፤ መቀስ ደግሞ ልክ ይፈልጋል።

ልኩን የያዘውን ሰውስ እንዴት አየነው? ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ ኖረናል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው እስኪያውጁ ድረስ ነገሩ ደርሶ ነበር። ያን አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ጨርሶ ወጣ ብሎ የሚምል አለ? የሸማኔውን ሥራ ለብሰን ለበዓል እንደምቃለን፤ እሱን ግን ለሠርጋችን አንጠራም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት እኛው ነን የተረትነው!

የበረንዳው አባት የቅድ ወረቀት የላቸውም። ኮት ገልብጠው በውስጡ ገጽ አዲስ አድርገው ያውቃሉ፤ ሰልባጅ ካፖርት ፈትተው ለሁለት ልጆች አብቃቅተዋል። ይህ ሁሉ ያለው በዓይናቸውና በጣታቸው ነው። ዓይናቸው ደግሞ ደክሟል። በሌላ አገር ምስጢሩን ወረቀት ከሞት አዳነው፤ እኛ ዘንድ ወረቀቱን የያዝነው እኛ ተማሪዎች ነን፤ ልኩን የያዙት እሳቸው ናቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። መማር ማለት እኮ አንዳንዴ ወደ በረንዳ መውረድ ነው።

ስለዚህ ወረድን። ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌ ጋዜጣ ይዘን እንሄዳለን፤ እሳቸው የተረተሩትን እኛ በጋዜጣ ላይ እናሰምራለን። የመጀመሪያው ሱሪያችን አንድ እግሩ ከሌላው በሁለት ጣት አጠረ። እሳቸው ሳቁ፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሳቁ። ሦስተኛው ግን ቆመ፤ ለብሰነው ክፍል ገባን፤ ማንም ዞሮ አላየንም፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነበር። ከበራችን ጀርባ ምስማር ላይ አሁን አሥራ አንድ የጋዜጣ ቅድ ተንጠልጥሏል፤ በየአንዳንዱ ላይ የወገቡና የቁመቱ ልክ ተጽፎበታል። ጨርቅ ያለው ይምጣና ይገልብጥ። ጋዜጣው እንዳይቀደድ ብቻ አደራ።