ጸጥታና ግድግዳ፤ የከተማ ቤት ከጫጫታ ጋር ያደረገው ትግል

የሰው ልጅ ቤት የሠራው ከብርድና ከፀሐይ፣ ከአውሬና ከዘራፊ ለመከለል ብቻ አይደለም። የቀን ሥራ ያደከመውን አካሉንና አእምሮውን የሚያሳርፍበት፣ የሚያነብበትና የሚያስብበት፣ ልጆቹን የሚያስጠናበት ሥፍራ ለማግኘትም ጭምር ነው። ዝናብን ጣራ፣ ሌባን መዝጊያ ይመልሰዋል፤ ድምፅን ግን በቀላሉ የሚመልስ ነገር አልተገኘም። ከዚህም የተነሣ ቤትን ከጫጫታ ለመከላከል የተደረገው ጥረት የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩ ሲመረመር ጸጥታ የግንበኛና የአናጢ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብ ጥያቄም መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ችግሩን የወለደው የመኪና ዘመን አይደለም። በጥንታዊት ሮማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምእተ ዓመት የወጣ ሕግ ከጥቂቶች በቀር ጋሪዎች በቀን በከተማይቱ እንዳይነዱ ከለከለ። በቀን መንገዱ ተቃለለ፤ የመንኰራኵሩ ኳኳታ ግን ወደ ሌሊት ተዛወረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው ባለቅኔ ዩቬናል በሮማ እንቅልፍ የሚያገኘው ባለጸጋ ብቻ መሆኑን በምሬት ገልጿል። ባለጸጋው መኝታ ቤቱን ከመንገድ አርቆ ሲተኛ፣ ድኻው ፎቅ በፎቅ ላይ በተደራረበ የኪራይ ቤት ጋሪ ሲያዳምጥ ያነጋ ነበር። ጸጥታ የመደብ ልዩነት የሚታይበት ሀብት መሆኑ እንግዲህ የቆየ ነገር ነው።

የ19ኛው ምእተ ዓመት የኢንዱስትሪ ከተማ ጉዳዩን ይበልጥ አባባሰው። ስኮትላንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮ በለንደን ቼልሲ ሠፈር ይኖር ነበር። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው ፒያኖ፣ በጓሮ የሚጮኹት አውራ ዶሮዎችና በመንገድ የሚያልፉት ሙዚቀኞች ብዕር አላስይዝ ስላሉት፣ በ1853 በቤቱ አናት ላይ ድምፅ የማይገባበት የጽሕፈት ክፍል አሠራ። ክፍሉ ድርብ ግድግዳ ነበረው፤ ብርሃንም የሚያገኘው ከጣራው ላይ በተከፈተ መስታወት ነበር። ስለ ፕሩሲያው ንጉሥ ስለ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በጻፈው ባለስድስት ቅጽ ታሪክ የደከመው በዚሁ ክፍል ነው። የተመኘውን ጸጥታ ግን አላገኘም፤ የቅርቡ ድምፅ ሲቀንስለት የሩቁ ባቡርና የወንዙ ጀልባ ይሰማው ጀመር። አውራ ዶሮዎቹን ጸጥ ያሰኘው ግንበኛው ሳይሆን ባለቤቱ ጄን ነበረች፤ ይህንንም ያደረገችው ጎረቤቶቿን አነጋግራና አግባብታ ነው።

የዚያ ክፍል ጉድለት ምስጢር የለውም። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱን የሚገታው ከባድ ግድግዳ ሲሆን፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካለው ድምፅም በዚያው ይገባል። ስስ መስታወትና ቀላል ጣራ ደግሞ ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ድምፁን ያስተላልፋሉ። ምንጣፍና መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ያለዝባሉ እንጂ ከውጭ የሚመጣውን እምብዛም አያግዱም። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት በ1910 የፓሪስ መኝታ ቤቱን በቡሽ አስለብሶ የታላቁን ልብ ወለዱን ብዙ ክፍል እዚያ ጻፈ። በ1919 ግን ሕንፃው ለባንክ ሥራ በመሸጡ ከቡሽ ክፍሉ ወጣ። በገንዘብ የተገዛ ጸጥታ በገንዘብ ተወሰደ።

በግድግዳ ያልተሳካላቸው በሕግ ሞከሩ። በለንደን የፓርላማ አባሉ ማይክል ባስ ያቀረበው የመንገድ ሙዚቃ ሕግ በ1864 ሲጸድቅ፣ ካርላይልና ቻርልስ ዲከንስ ከደጋፊዎቹ መካከል ነበሩ። ሕጉ የቤት ባለቤት ሙዚቀኛን ከደጁ እንዲያስነሣ ሥልጣን ሰጠው። ከሙዚቀኞቹ ብዙዎቹ ከኢጣሊያ የተሰደዱ ድኾች ነበሩ። ለጸሐፊው ጫጫታ የሆነው ለእነርሱ እንጀራ፣ የኮንሰርት መግቢያ መክፈል ለማይችለው የሠርቶ አደር ሠፈር ደግሞ ጥበብ ነበር። ይህን ቅራኔ ኪነ ጥበበኛ ሊዘነጋው አይገባም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር ሌሲንግም በ1908 በሃኖቨር የፀረ ጫጫታ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። አባላቱ በአብዛኛው የተማሩ ባለሙያዎች ስለነበሩና ማኅበሩ ሠራተኛውን ሊያሰልፍ ስላልቻለ፣ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

የኒውዮርኳ ጁልያ ባርኔት ራይስ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። በሃድሰን ወንዝ ዳር ከሚገኘው ቤቷ እንቅልፍ የነሣት የጎታች ጀልባዎች ፉጨት ነበር። ተማሪዎች አሰማርታ ፉጨቱን አስቆጠረች። ጥያቄዋን ግን በራሷ መኝታ ቤት ሳትወስን በወንዙ ዳር ባሉ ሆስፒታሎች የተኙትን ሕሙማን ጉዳይ አነሣች። በ1906 ማኅበር መሠረተች፤ በ1907 አላስፈላጊ የጀልባ ፉጨትን የሚቈጣጠር ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት ወጣ። ማኅበሩ ቀጥሎም በሆስፒታሎችና በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የጸጥታ ክልል እንዲከበር ታገለ።

ጉዳዩ ከእንቅልፍ በላይ መሆኑ በኋላ በጥናት ተረጋገጠ። በዚያችው ከተማ በአውራ ጎዳና ላይ ስለተሠሩ ባለ32 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃዎች በ1973 የታተመ ጥናት፣ ጫጫታው በሚበረታባቸው የታችኛዎቹ ፎቆች የሚኖሩ ሕፃናት ድምፀ ተቀራራቢ ቃላትን በመለየትና በማንበብ ከላይኞቹ ወደ ኋላ መቅረታቸውን አሳየ። በ1975 ደግሞ ተመራማሪዋ አርሊን ብሮንዛፍት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት አጠናች። በሐዲዱ በኩል የሚማሩት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሌላው ወገን ካሉት በንባብ አንድ ዓመት ያህል ዘግይተው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ከሐዲዱ ሥር ጎማ ተነጠፈ፤ የክፍሎቹም ኮርኒስ ድምፅ በሚውጥ ነገር ተለበጠ። በ1981 በታተመው ተከታይ ጥናት ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ ያው የአንድ ሠፈር ልጆች ናቸው፤ የተለወጠው ሐዲዱና ክፍሉ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው የእጅ ሥራ ነው፦ በመዝጊያና በመስኮት ዙሪያ ያለውን ክፍተት መድፈን፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያን ጎረቤት በሚጋራው ግድግዳ ላይ ማስጠጋት፣ የልጆችን ማጥኛና መኝታን ከመንገድ ወደ ጓሮ ማዞር፣ ባዶውን ክፍል በመጋረጃና በምንጣፍ ማለዘብ። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን ጉርብትና ነው። ራሱን በግድግዳ ከልሎ ጸጥታን ለብቻው የፈለገ ሁሉ ከፊሉን ብቻ አገኘ፤ ጎረቤቱን ያነጋገረና የሌላውን ዕረፍት ከራሱ ጋር አንድ አድርጎ የጠየቀ ግን የሚዘልቅ ውጤት አየ። የቤት ሰላም የሚጀምረው ከቤት ውጭ ነው።