ያላሰለሰ የኮምፒውተር ንባብ

ያላሰለሰ የኮምፒውተር ንባብ፣ አንድ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ያለ ጽሑፍን ቀን ከሌት እያነበበ እውቀት እንዲያከማችና ባከማቸው ተመርኩዞ ሌላ እንዲማር የሚያደርግ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘዴ ነው። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በቶም ሚቸል የተመራ ቡድን የሠራውና እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ማንበብ የጀመረው «ኔል» ነው።

አሠራር

ለኔል መነሻ የተሰጡት እንደ ከተማ፣ ኩባንያና የስፖርት ቡድን ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምድቦች፣ ለእያንዳንዱም ጥቂት ምሳሌዎች ነበሩ። ፕሮግራሙ ምሳሌዎቹ በምን ዓይነት ሐረግ እንደሚጠሩ ይለቅም ነበር፤ በዚያው ሐረግ የተጠራ አዲስ ስም ሲያገኝም ወደ ምድቡ ያስገባ ነበር። ችግሩ ስሕተት ስሕተትን መውለዱ ነው። ኔል የኢንተርኔት «ኩኪ»ን ከብስኩት ቆጥሮ፣ እንደ ኩኪው የሚሰረዙትን የኮምፒውተር ፋይሎችም ከዳቦ ቤት ምርቶች ደምሯቸው ነበር። ይህን ለመግታት ምድቦቹ እርስ በርስ እንዲተራረሙ ይደረግ ነበር፤ ሰዎችም አልፎ አልፎ እየገቡ ያርሙት ነበር።

በአማርኛ

አማርኛን በኮምፒውተር ለማስነበብ መሠረት ሊሆኑ ከሚችሉት ሥራዎች አንዱ የዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል ዜናዎች ስብስብ ነው። በውስጡ ያሉት 210,000 ያህል ቃላት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች እጅ በቃል ክፍላቸው ተለይተዋል። የቼኩ ማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2015 እና በ2016 ከድረ ገጾች የለቀሙትን 17 ሚሊዮን ያህል ቃል አሰባስበዋል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጋሰር የሠራው «ሆርንሞርፎ» የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ወደ ሥርና ቅጥያቸው ይበትናል።

ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የላስታና የደላንታ አካባቢዎች ስሞች ቃልን መበተን ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያሉ። ቤተ ጊዮርጊስን፣ ቤተ ማርያምንና ቤተ አማኑኤልን በአብነት ይዞ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት መለየት የጀመረ ፕሮግራም ቤተ መጻሕፍትንና ቤተ ሙከራንም ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሊደምራቸው ይችላል። «ላስታ»ን «ለ» እና «አስታ» ብሎ የሚከፍልበት አጋጣሚ አለ፤ «ላዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ አንብቧልና። በኦፓል ማዕድኗ የታወቀችው የደላንታዋ ከተማ ወገል ጤናም ከጤና ጣቢያዎች ተርታ ልትሰለፍ ትችላለች። «ላሊበላ» በበኩሉ የንጉሥም የከተማም ስም ነው፤ ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዘፈኑ የሚለምኑትም ላሊበላ ይባላሉ። ስለዚህ «ከተማ የተባለ ሰው አይሆንም» የሚለው ማረሚያ እዚህ ላይ ትክክለኛውን እውቀት ሊያስጥል ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ ስም በ«ሀ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በመሆኑም አማርኛን ሳያሰልስ የሚያነብ ፕሮግራም ለመሥራት ከጽሑፍ ብዛት ባሻገር የፊደል አጻጻፍን አንድ የሚያደርግ መሣሪያ፣ የቃል መበተኛና የአካባቢውን ስሞች በሚያውቁ ሰዎች የተዘጋጀ መዝገብ ያስፈልጋል።