በአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ስለሚገኙ የመሣሪያ ስሞች

የአዲስ አበባ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ምድር ባቡሩና ስለ አዋጁ ነው። ይሁን እንጂ ከተማው የቆመው በምስማርና በመዶሻም ጭምር ነው። እነዚህን ዕቃዎች ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ ሲሸጡ የኖሩ ቤተሰቦች የሚያውቁትን ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ መርካቶ ውስጥ ሦስት ትውልድ በሠራበት አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ያየሁትንና የሰማሁትን ማቅረብ፣ ከዚያም በመደርደሪያው ላይ የተቀመጡት ዕቃዎች ስም ስለ እጅ ሥራችን ታሪክ ምን እንደሚመሰክር መመርመር ነው። ባለቤቱ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁ ፈቃዳቸውን ጠብቄአለሁ።

ወደዚህ ጥናት ያደረሰኝ አንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በተከታተልሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ የመሣሪያዎቹን ስም የማውቀው በዚያው ቋንቋ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የላላ የበር ማጠፊያ ለማጥበቅ ፈልጌ ወደ ሱቁ ገባሁና «ስክሩ ድራይቨር አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤቱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ካቻቢቴ ነው የምትለው?» አሉኝ። «አዎን ጋሼ፣ እሱን ነው» አልሁና ዕቃውን ተቀበልሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ጥያቄ አሳሰበኝ። እኔ በትምህርት ቤት ያገኘሁት ስም የባዕድ ነው፤ እሳቸው ከአባታቸው የወረሱትም የባዕድ ነው። ታዲያ የእኛው ስም የት ሄደ?

በሌላ ቀን ተመልሼ ጥያቄዬን ሳቀርብላቸው፣ በርጩማ ሰጥተውኝ የሱቃቸውን ታሪክ ይነግሩኝ ጀመር። አያት ሥራውን የጀመሩት መሬት ላይ ጆንያ ዘርግተው ምስማርና አሮጌ ጓጉንቸር በመሸጥ ነው። ቆይተው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ፤ ልጃቸው ወረሱ፤ አሁን የልጅ ልጃቸው ከልጃቸው ጋር ይሠራሉ። ሱቁ ወደ ውስጥ የጠለቀ ነው። በግራ በኩል መዶሻ፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ መሮና መላጊያ ተሰቅሏል፤ በቀኝ በኩል ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ፒንሳና ሞርሳ በሣጥን በሣጥን ተለይቷል፤ ከኋላ ፌሮ፣ ላሜራና ቱቦ ቆሟል። ባለቤቱ ዕቃውን እንዲህ የደረደሩት ለሥራ እንዲመቻቸው እንጂ ስለ ታሪክ አስበው አይደለም። ነገር ግን ግራውና ቀኙ ሁለት የተለያዩ ዘመኖች ናቸው ለማለት ይቻላል።

በግራ በኩል ያሉት ስሞች አብዛኛዎቹ ከራሳችን ግሥ የወጡ ናቸው። መላጊያ ከላገ፣ ሞረድ ከሞረደ፣ እንዲሁም መጥረቢያ ከጠረበ የመጣ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ሲሰማ ሥራውን ይገምታል። በቀኝ በኩል ያሉት ግን ከኢጣሊያንኛ የመጡ ስለ ሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም አይነግሩትም። ካቻቢቴ በኢጣሊያንኛ ከሁለት ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል፣ ቪቴ፣ ጥርስ ያለውን ጠምዛዛ ምስማር ያመለክታል። ዳዶ በባለቤቶቹ አገር የመጫወቻ ዛር ስምም ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የብሎን ማሰሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ፌሮ በኢጣሊያንኛ ማንኛውም ብረት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ለግንብ ሥራ የሚውለው ዘንግ ብቻ ነው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በዚያው ቋንቋ «ገበያ» ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል።

በተለይ የሚያስተምረን የጉጠትና የፒንሳ ነገር ነው። አንጥረኛው የጋለውን ብረት ከእሳት የሚያወጣበት ጉጠት ስሙን አልለቀቀም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ የሚይዝበትና የሚቆርጥበት መሣሪያ ግን፣ ሥራው ከጉጠት ብዙም ሳይርቅ፣ ፒንሳ ተባለ። እንግዲህ ነባር ሥራ በነበረበት ነባሩ ስም ጸንቷል፤ ሥራው አዲስ በሆነበት ግን ስሙ ከሥራው ጋር ገብቷል።

አንዳንድ ሰው፣ የኢጣሊያ ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ብቻ ስለ ቆየ ይህን ያህል ቃል ሊተው አይችልም ይል ይሆናል። መልሱ፣ አምስቱ ዓመት ብቻቸውን አልሠሩም የሚል ነው። ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፣ በዚያ በጋራዥና በግንብ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ወደ መሐል አገር ሲመጡ የሥራውን ቋንቋ ይዘው መጡ። ከነጻነት በኋላም በኢትዮጵያ የቀሩ ኢጣሊያውያን መካኒኮችና ግንበኞች ነበሩ፤ ረዳቶቻቸውም ሙያውን ከነስሙ ከእጃቸው ተቀበሉ። በአንጻሩ ከነጻነት በኋላ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ስም ሊለውጠው አልቻለም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የአማርኛ አቻ እያዘጋጀ መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ ባለቤቱን ስጠይቃቸው ግን በዚያ ስም ዕቃ የጠየቃቸው ደንበኛ እንደማያስታውሱ ነገሩኝ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ምክንያት ከባዕድ ኃይል ይልቅ በራሳችን ልማድ ውስጥ ይገኛል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራና ቆዳ የሚፍቅ ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። በዚህም ምክንያት የሚጽፈው አይሠራም፣ የሚሠራው አይጽፍም ነበር። አዲሱ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ስም የሚያወጣለት የተማረ ሰው በሥራው ቦታ ስላልነበረ፣ ሠራተኛው ጆሮው የሰማውን ስም ያዘ። ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን አንድ ነገር በሱቁ አየሁ። ባለቤቱ የአያታቸውን የዱቤ ደብተር ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። አያት ፊደል የቈጠሩ ነጋዴ ስለ ነበሩ ዕቃውን ሁሉ እንደ ሰሙት ጽፈውታል፤ ያው አንዱ መሣሪያ በአንድ ገጽ «ካቻቪቴ»፣ በሌላው «ካቻቢቴ» ሆኖ ይገኛል። የባዕዱ ድምፅ በአማርኛ አፍ ሲለሰልስ በዓይን ይታያል። «ሌሎቹ ደብተሮችስ የት አሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ምስማር ጠቅልለንባቸው አለቁ» አሉኝ። ይህንን ሲናገሩ አላዘኑም፤ ይፈልገዋል ብለው ያሰቡት ሰው አልነበረምና።

ጉዳዩ የሚያቻኩል መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬቱ የቤተሰቡ አይደለም፤ ቤቱንም የያዙት በኪራይ ነው። የቤተሰቡ ሀብት ዕቃው፣ ደንበኛውና ዕውቀቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ አካባቢ የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እንዳየነው፣ ሱቅ በአጭር ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ ዕቃውም ወደ ሌላ ቦታ ይጓጓዛል። ነገር ግን ማን ከማን ሙያ እንደ ተማረ የሚያስታውሰው ሽማግሌና በመሳቢያ ያለው ደብተር በጭነት መኪና አይጓጓዙም።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ተማሪዎች የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን በሰፈራችን ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ሱቅ ሄደን፣ የዕቃውን ስም፣ የባለቤቱን ትዝታና የተረፈውን ደብተር ብንመዘግብ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ማንም መዝገብ ቤት የሌለው ሰነድ ይኖረናል። የእኔ ጥናት በአንድ ሱቅ የተወሰነ ስለ ሆነ ግምቴ በሌሎች ቦታዎች ሊፈተን ይገባዋል፤ መምህራንና አንባቢዎች ስሕተቴን ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል። ባለቤቱ ደብተሩን ገልብጬ እንድመልስላቸው ፈቅደውልኛል፤ ከ94ቱ ገጾች እስከ አሁን 31ዱን ጽፌአለሁ።