ከአፍ የሚወሰድ ትንሽ ናሙና፤ የአፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራና የባዮፕሲ ታሪክ

አፍ ያለ ልዩ መሣሪያ በዓይን ሊታዩ ከሚችሉት የሰውነታችን ውስጣዊ ክፍሎች አንዱ ነው። ምላስን ለማንሳት አንድ ማንኪያ፣ ጥግ ጥጉን ለማየት አንድ የእጅ ባትሪ፣ የተጠነከረውን ለመዳሰስ ጓንት ያጠለቀ አንድ ጣት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የአፍ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሥር ከሰደደና ወደ አንገት ዕጢዎች ከተዛመተ በኋላ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ389,000 በላይ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር አዲስ የተያዙ ሲሆን፣ ከ188,000 በላይ ደግሞ በዚሁ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በዓይን የሚታይ በሽታ እንዴት ሳይታይ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ የሕክምና ታሪክ ግልጽ መልስ አለው። በዚህ ጽሑፍ፣ የባዮፕሲ ዘዴ ገና በልጅነቱ በነበረበት ዘመን ታመው የነበሩ አራት ዝነኛ ሰዎችን፣ ቀጥሎም ስማቸው ያልተመዘገበ የገጠር ጤና ሠራተኞች የሠሩትን ሥራ እናያለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘዴው አጀማመር

ከሕያው ሰው ላይ ትንሽ ሕብረ ሕዋስ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መመርመር እንደ መደበኛ የሕክምና ዘዴ መቆጠር የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1858 ያሳተሙት የሴል ፓቶሎጂ መጽሐፍ፣ በሽታ የሚጀምረው ከሴል መሆኑን በማስተማር ለዚህ መሠረት ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ኧርነስት ቤንየ «ባዮፕሲ» የሚለውን ስያሜ ለዘዴው ሰጡ።

በአፍ በኩልም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ እርምጃ ታይቷል። እንግሊዛዊው ሰር ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1870 በምላስ ላይ የሚወጣ ነጭና ሸካራ ምልክት ካንሰርን ሊያስከትል እንደሚችል ጻፉ። የቡዳፔስቱ ሐኪም ሽዊመር እ.ኤ.አ. በ1877 ይህን መሰሉን ነጭ ምልክት «ሉኮፕላኪያ» ብለው ሰየሙት። ስለዚህ በ1880ዎቹ መግቢያ ላይ አንድ ሐኪም በአፍ ውስጥ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ሊያደርገው የሚገባው ነገር በመርህ ደረጃ ይታወቅ ነበር ማለት ይቻላል። በተግባር ግን የሆነው ሌላ ነበር።

የዘገየው ምርመራ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት ሲጋራቸው ከአፋቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጁን 1884 ኮክ ሲበሉ ጉሮሯቸውን ክፉኛ አመማቸው። በአጋጣሚ ያገኟቸው ዶክተር ዳኮስታ መድኃኒት አዝዘውላቸው ወደ ራሳቸው ሐኪም ሳይዘገዩ እንዲሄዱ መከሯቸው። የራሳቸው ሐኪም ግን በዚያ ወቅት በአውሮፓ ነበሩ፤ በሽተኛውም ነገሩን አቃለው ቆዩ። የጉሮሮ ሐኪሙ ዶክተር ጆን ዳግላስ ዘንድ የቀረቡት በኦክቶበር ነበር። ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የታየው ደግሞ በፌብሯሪ 1885 ሲሆን፣ ዶክተር ጆርጅ ኤሊየት ካንሰር መሆኑን አረጋገጡ። ከመጀመሪያው ሕመም እስከ ባዮፕሲው ስምንት ወር ያህል አልፏል። ግራንት ለቤተሰባቸው ጥሪት ለመተው የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው በጨረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በጁላይ 23 ቀን 1885 አረፉ።

በዚያ ዘመን ቶሎ ቢደረስበት እንኳ ይድኑ ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። ነገር ግን የመዘግየቱ ሰንሰለት ዛሬም በየጤና ተቋማችን የምናየው ነው፤ በሽተኛው «ይሻለኛል» ብሎ ይቆያል፣ የመጀመሪያው ባለሙያ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛል፣ ተከታትሎ የሚያይ ሰው ይጠፋል።

የተሳሳተው እፎይታ

ሁለተኛው ታሪክ የአፍ ሳይሆን የማንቁርት በሽታ ነው። ሆኖም ስለ ባዮፕሲ ወሰን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ ስለማይገኝ እዚህ ቦታ ሊያዝለት ይገባል። የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ሻከረ። በበርሊን የነበሩት ሐኪሞች፣ ከእነርሱም መካከል የቀዶ ሕክምና ሊቁ ፎን በርግማን፣ ካንሰር ነው ብለው ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጁ። ከለንደን የተጠሩት የጉሮሮ ሐኪም ሞሬል ማኬንዚ ግን ናሙና ሳይታይ ቢላ አይነሳም አሉ፤ ናሙናውንም ወስደው ለቪርሾ ላኩ። ቪርሾ በተላከላቸው ቁራጭ ውስጥ ካንሰር አላገኙም። በዚያም ላይ ውሳኔያቸው ለቀረበላቸው ናሙና እንጂ ለመላው በሽታ ዋስትና ሊሆን እንደማይችል በጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር።

ቤተ መንግሥቱ የሰማው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። በኖቬምበር ካንሰርነቱ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ በፌብሯሪ 1888 መተንፈስ ስላቃታቸው አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ተከፈተ። በማርች ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት፣ 99 ቀን ብቻ ገዝተው በጁን 15 ቀን 1888 ሞቱ። የአስከሬን ምርመራውም ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ የባዮፕሲ ውድቀት አድርገው ይተርኩታል። በእኔ እምነት ግን ጥፋቱ ከዘዴው ሳይሆን ከአተረጓጎሙ ነው። ናሙና የሚመልሰው ስለተወሰደበት ቦታና ጥልቀት ብቻ ነው። ከላይ ከላይ የተቆነጠረ፣ ከሞተው የቁስል መሐል የተወሰደ ወይም እብጠቱን በጎን ያለፈ ናሙና «ካንሰር የለም» ቢል፣ ዓይንና ጣት ግን ካንሰርን ከጠረጠሩ፣ መከተል ያለበት እፎይታ ሳይሆን ሁለተኛ ናሙና ነው።

የተደበቀው ውጤት

እ.ኤ.አ. በ1893 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በላንቃቸው ግራ በኩል ሸካራ ነገር ተሰማቸው። ሐኪማቸው ኦሪይሊ ናሙና ወስደው የበሽተኛውን ስም ሳይገልጹ ለምርመራ ላኩ፤ ናሙናውን ካዩት አንዱ የጆንስ ሆፕኪንሱ ዊሊያም ዌልች ነበሩ። አገሪቱ በከባድ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ስለነበረች፣ የፕሬዚዳንቱ መታመም ከተሰማ ገበያው ይናወጣል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ በጁላይ 1 ቀን 1893፣ ኦናይዳ በተባለች የመዝናኛ መርከብ ላይ በዶክተር ጆሴፍ ብራያንት የሚመራ ቡድን የላይኛውን መንጋጋ ግራ ክፍል ቆርጦ አወጣ። ሥራው በሙሉ በአፍ በኩል ስለተከናወነ በፊታቸው ላይ ጠባሳ አልቀረም። ከዚያም በላንቃቸው ላይ የቀረውን ክፍተት የሚዘጋ ከጎማ የተሠራ ላንቃ ተገጠመላቸው።

ኤድዋርድስ የተባለ ጋዜጠኛ በኦገስት መጨረሻ እውነቱን በፊላደልፊያ ጋዜጣ አወጣ፤ ሆኖም ነገሩ የጥርስ ሕመም ብቻ ነው ተብሎ ስለተስተባበለ ውሸታም ተባለ። ከቀዶ ሐኪሞቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር ኪን ታሪኩን ለሕዝብ ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ክሊቭላንድ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 15 ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. በ1908 አርፈዋል። ተጠብቆ የቆየው ናሙና በዘመናችን እንደገና ሲመረመር ቬሩከስ ካርሲኖማ የተባለ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግና እምብዛም የማይዛመት የካንሰር ዓይነት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1980 ታትሟል። ይህ ዓይነቱ እስከ ዛሬም በቀጭን ናሙና በቀላሉ አይለይም።

ክሊቭላንድ ምስጢሩን ከሕዝብ ደበቁ እንጂ እርሳቸው ራሳቸው ያውቁ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በቪየና የሆነው ግን የባሰ ነው። ሲጋራ አዘውታሪው ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 በላንቃቸው ላይ ያዩትን እብጠት ለሐኪም ጓደኛቸው ፌሊክስ ዶይች አሳዩ። ዶይች ካንሰር መሆኑን ቢገምቱም ሉኮፕላኪያ ነው ብለው ነገሯቸው። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በተመላላሽ ክፍል ሲደረግ ደም ክፉኛ ፈሶባቸው ለሞት ተቃርበው ነበር። የተሟላው ቀዶ ሕክምና በዶክተር ፒችለር የተደረገው ከወራት በኋላ በኦክቶበር ነው። ፍሮይድ ከዚያ በኋላ እስከሞቱበት እስከ 1939 ድረስ ከሠላሳ በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን ተቋቁመው ኖሩ፤ የተዋሻቸውን ሐኪም ግን ከሐኪምነቱ አሰናበቱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌያችን የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። በፍሮይድ ታሪክ ግን ደባቂው ሐኪሙ ነበር። ዛሬም «ይደነግጣል» በሚል ሰበብ የባዮፕሲ ውጤት ለቤተሰብ ብቻ ተነግሮ በሽተኛው እንዳይሰማ ሲደረግ እናያለን። ያልተነገረው በሽተኛ ለምን ቀጠሮውን እንደሚያከብር፣ ለምን ትምባሆውን እንደሚተው አያውቅም።

ከቤተ መንግሥት ወደ መንደር

እስካሁን ያነሳናቸው ሰዎች በዘመናቸው ሊገኙ የሚችሉትን ታላላቅ ሐኪሞች ያገኙ ናቸው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥያቄ ግን ሐኪም የማያገኘውን ሕዝብ አፍ ማን ይመለከታል የሚል ሆነ። ጥያቄው የተነሳው ትምባሆና አሬካ ፍሬ በቅጠል ጠቅልሎ ማኘክ የተለመደ በሆነባት በደቡብ እስያ መሆኑ አያስገርምም።

በስሪላንካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ጥናት፣ መሠረታዊ የጤና ሠራተኞች ከ28,000 በላይ የገጠር ነዋሪዎችን አፍ መረመሩ። አጠራጣሪ ምልክቶችን የመለየት ችሎታቸው አጥጋቢ ሆኖ ተገኘ። ድክመቱ የታየው በሌላ በኩል ነው፤ ወደ ከፍተኛ ምርመራ ከተላኩት ውስጥ የመጡት ከግማሽ ብዙም አልበለጡም። ኩባም እ.ኤ.አ. በ1984 አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀምራ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ እያሉ የሚገኙ ሕሙማን ድርሻ ቢጨምርም በሞት መጠን ላይ ቅነሳ ሳይታይ ቀርቷል።

ትልቁ ፈተና የተካሄደው በሕንድ ኬራላ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ 13 ቀበሌ መሰል አካባቢዎች በዕጣ ተከፍለው፣ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ከ190,000 በላይ ነዋሪዎች በጥናቱ ተካተቱ። ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አፍ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በላንሴት መጽሔት የታተመው ውጤት ሁለት ገጽታ አለው። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የታየው የሞት ቅነሳ በስታቲስቲክስ አስተማማኝ አልነበረም። ትምባሆ ወይም አልኮል በሚጠቀሙት ላይ ግን በአፍ ካንሰር የመሞት መጠን በ34 በመቶ ቀነሰ። እዚህም ቢሆን ምልክት ከተገኘባቸው 5,145 ሰዎች ለተጨማሪ ምርመራ የመጡት 63 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁሉንም ሰው መርምሩ የሚል አይደለም። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2013 ምልክት የሌላቸውን አዋቂዎች በሙሉ ለመመርመር ማስረጃው በቂ አይደለም ማለቱም ከዚህ ጋር አይጋጭም። ትምህርቱ ተጋላጭ የሆነውን ሰው አፍ ማየት እንደሚገባ፣ ለማየትም ስፔሻሊስት መሆን እንደማያስፈልግና፣ ያዩትን ሳይከታተሉ መተው ግን ሥራውን ከንቱ እንደሚያደርገው ነው።

ለእኛ የሚሆነው

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በኬራላ እንደታየው ቤት ለቤት የሚዘልቅ እግር ያለው ነው። የአፍ ምርመራን በሥራው ላይ ለመጨመር የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ናሙናው የት እንደሚታይና ውጤቱ በማን በኩል እንደሚመለስ ሊወስን ይገባል። ይህ ሳይወሰን የሚደረግ ቅድመ ምርመራ ጭንቀት ከማብዛት አያልፍም።

በየዕለቱ ሥራችን ደግሞ አገራዊ ገጽታዎቻችንን ማወቅ ይጠቅማል። የእናቶቻችን የድድ ንቅሳት ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ሲታይ በሽታ መስሎ እንዳያስደነግጠን፣ በሽተኛዋን መቼ እንደተነቀሰች መጠየቅ ይበቃል። ጫት በሚያዝበት ጉንጭ በኩል ነጭ ምልክት እንደሚታይ በየመን የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። ይህ ምልክት ካንሰር ነው ማለት ባይሆንም፣ «የጫት ነው» ተብሎ ሳይመረመር የሚታለፍ መሆን የለበትም።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ቀይ ወይም ነጭ ምልክት፣ ሲዳሰስ የጠነከረ ሥፍራ፣ ያለ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ፣ የማይጠፋ የአንገት ዕጢ፤ እነዚህ ሲታዩ በሽተኛውን ባዮፕሲ ወደሚሠራበት መላክ ግዴታ ነው። ሹል ጥርስ ካለ ተስተካክሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይታይ፤ የቀጠሮው ቀን ግን በመዝገብ ይጻፍ። ናሙና የሚወስድ ባለሙያም ከቁስሉ ዳር፣ ቀይ ክፍል ካለም ከዚያው፣ በቂ ጥልቀት ይዞ ይውሰድ። የሚመታ ወይም ደም ሥር የሚመስል እብጠት በጤና ጣቢያ አይነካ። ቁራጩ ወዲያውኑ መጠኑን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ቅጹ ላይም ስሙ፣ ቦታው፣ ምልክቱ የቆየበት ጊዜና የባለሙያው ጥርጣሬ ይጻፍ። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ቁራጩን ብቻ ነውና፣ ሰውየውን ልናሳየው የምንችለው በዚህ ጽሑፍ ነው።

ከግራንት ዘመን እስከ ዛሬ ማይክሮስኮፑ ረቅቋል፤ ማቅለሚያውና ማደንዘዣውም ተሻሽሏል። ያልተለወጠው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ እርሱም በሽተኛውን «እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» ብሎ መጠየቅ፣ ከምላስ ሥር እስከ ላንቃ ማየት፣ ያዩትንም እስከ መጨረሻው መከታተል ነው።